ከሶር ወንዝ ዐለት እስከ ላቦራቶሪ እቶን፦ ማግማን ስለምንመረምርባቸው መሣሪያዎች
(በመቱ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው እንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)

 

ንግግሬን ከንፍሮ ብጀምር ቅር አይበላችሁ። ጎሬ ላይ ባቄላ የምትቀቅል እናትና ጋምቤላ ላይ የምትቀቅል እናት ቢገናኙ፣ ማገዶው የሚበዛባት የጎሬዋ ናት። ምክንያቱ ባቄላው አይደለም። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መቱ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በወጣን መጠን በላያችን የተጫነው አየር ይቀንሳል፤ ጋምቤላ ላይ በ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ95፣ ጎሬ በ93 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የጎሬው ንፍሮ ድስቱ ቢንተከተክም እሳቱ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አንድ ነገር ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይም እንፋሎት መሆኑን የሚወስነው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ሙቀትና ግፊት አብረው ነው ማለት ነው።

ዛሬ የምናገረውም ይህንኑ ነው፤ በድስቱ ውስጥ ያለው ግን ዐለት ነው። የግፊቱ ልክም ሌላ ነው። ከእግራችን በታች 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንወርድ፣ በላያችን ያለው ዐለት የሚያሳርፈው ግፊት 1 ጊጋ ፓስካል፣ ማለትም አሁን የምንተነፍሰው አየር ከሚያሳርፈው ግፊት 10,000 እጥፍ ያህል ይሆናል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሥር የምድር ቅርፊት ውፍረት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የቅርፊቱ ግርጌ ከ1 ጊጋ ፓስካል ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ይህ ቁጥር ኋላ ያስፈልገናል።

ዐለትን በተመለከተ ግፊት ሁለት ፊት አለው። ደረቅ ዐለት ሲጫኑት መቅለጥን ይቃወማል፤ የማንትል ዐለት መቅለጥ የሚጀምርበት ሙቀት በያንዳንዱ ጊጋ ፓስካል ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። የሚሞቅ ነገር ሳይጨመርበት፣ ከጥልቅ ወደ ላይ በመውጣቱ ብቻ ማንትል የሚቀልጠውም ለዚህ ነው፤ ጫናው ሲቀልለት ይላላል። በውስጡ ውሃ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያለ ውሃ ከ950 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጠው የግራናይት ቅንብር፣ ውሃ ጠጥቶ በጥቂት መቶ ሜጋ ፓስካል ሲጨመቅ በ650 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 ተትልና ቦወን ይህንን በሙከራ አሳይተው ግራናይት ከቅልጥ ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለውን የብዙ ዓመታት ክርክር አበረዱት። ክርክሩን ያበረደው አንደበት አልነበረም፤ የታሸገ የብረት ዕቃ ነበር።

አሁን ወደ ኢሉባቦር ልመለስ። ከመቱ ወደ ሶር ፏፏቴ የሄደ ሰው ውሃው የሚወረወርበትን ጥቁር ገደል አይቷል። ያ ባዛልት ነው፤ የምዕራቡን ደጋ የሸፈነው፣ ልክ እንደ ሰሜኑ ሁሉ ደረጃ በደረጃ የተነባበረ የላቫ ምንጣፍ አካል ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የዚህ ምንጣፍ ዋናው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ለጂኦሎጂ የዐይን ጥቅሻ በሆነ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ ይታወቃል። በያዩ ደግሞ በባዛልቱ መካከል የደለል ንብብሮች አሉ፤ የያዩ የድንጋይ ከሰል የሚገኘው በነዚያ ውስጥ ነው። ይህም ማለት እሳተ ገሞራው አርፎ ነበር፤ ረግረግ ተፈጥሮ፣ ደን በቅሎ፣ ደኑ ተቀብሮ፣ ከዚያ እንደገና ላቫ መጣ። ከቡሬ ወደ ጋምቤላ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ምንጣፉ ያልቃል፤ ከሥሩ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት የሚበልጠው መሠረተ ዐለት፣ ናይሱና ግራናይቱ ብቅ ይላል። የምዕራብ ኢትዮጵያን መሠረተ ዐለት ያጠኑ ጂኦሎጂስቶች ክፍሎቹን ሲሰይሙ ባሮ፣ ብርብርና ገባ ብለው የወንዞቻችሁን ስም ነው የሰጧቸው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ወንዙን ያውቁታል፣ የስሙን ሌላ ኑሮ ግን አልሰሙም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በሶር ገደል ላይ የምናየው ባዛልት ከምን ያህል ጥልቀት ተነሣ? በስንት ዲግሪ ሙቀት? ወደ ላይ ሲመጣ በቅርፊቱ ግርጌ ቆሞ ነበር ወይስ በቀጥታ ወጣ? ውሃ ነበረው? ዐለቱን በመዶሻ ሰብረን በማጉያ ብናየው መልሱ ከፊሉ ብቻ ይገኛል። ቀሪውን ለማግኘት ዐለቱን ወደ ወጣበት ቦታ መመለስ አለብን። ወደዚያ መውረድ ስለማንችል ቦታውን ወደ ላቦራቶሪ እናመጣዋለን።

ይህን በመጀመሪያ በቁም ነገር የሞከረው ስኮትላንዳዊው ሰር ጄምስ ሆል ነው። የጂኦሎጂ አባት የሚባለው የጄምስ ሃተን ወዳጅ ነበር። ሃተን ግን የምድርን ታላቅ ሥራ በትንሽ እቶን መፈተን አይቻልም የሚል ሰው ስለነበር ሆል ወዳጁን ላለማስቀየም ጠበቀ። ሃተን እ.ኤ.አ. በ1797 ሲያርፍ ሙከራውን አፋፋመ። የኤድንብራን ባዛልት በብረት ማቅለጫ እቶን አቀለጠ። በፍጥነት ሲያቀዘቅዘው ብርጭቆ ሆነ፤ በዝግታ ሲያቀዘቅዘው ተመልሶ ክሪስታል የያዘ ድንጋይ ሆነ። ቀጥሎ የጠመንጃ አፈሙዝ ወስዶ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጠቅጥቆ፣ ጫፉን ደፍኖ አጋለው። በተከፈተ እቶን ጋዙ አምልጦ ኖራ የሚሆነው ድንጋይ፣ በታሸገው አፈሙዝ ውስጥ እብነ በረድ የመሰለ ጠንካራ ነገር ሆነ። ብዙ አፈሙዝ ተሰነጠቀ፣ ፈነዳም። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለሌላ አይደለም፤ በጊዜው ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ዕቃ የነበረው ጠመንጃ ብቻ ነበር፤ ሰውየው ያለውን ተጠቀመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላልፈው። እ.ኤ.አ. በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ በዋሽንግተን የካርኔጊ ተቋም የጂኦፊዚክስ ላቦራቶሪ ተከፈተ። ኖርማን ቦወን በዚያ ሆኖ ማዕድናት ከቅልጥ በየትኛው ተራ እንደሚወጡ አሳየ። በሃርቫርድ ፐርሲ ብሪጅማን ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ራሱን ይበልጥ የሚያጠብቅ ክዳን ፈለሰፈ፤ ለከፍተኛ ግፊት ሥራው እ.ኤ.አ. በ1946 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። እ.ኤ.አ. በ1960 ቦይድና ኢንግላንድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ዛሬ ላተኩርበት የፈለግሁትን መሣሪያ፣ ፒስተን ሲሊንደርን፣ በዛሬ መልኩ አቀረቡት።

ፒስተን ሲሊንደር ስሙ ሲጠራ ያስፈራል፤ ቅርቡ ሆነው ሲያዩት ግን ጋራዥ ውስጥ ካለው ክሪክ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው። ከሥር ዘይት የሚገፋው ሰፊ ፒስተን አለ፤ ከላይ ደግሞ ቀጭን። ሰፊው በዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ 12.7 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የስፋታቸው ንጽጽር 62 ለ1 ነው። ስለዚህ ዘይቱን በ16 ሜጋ ፓስካል ብንገፋው ቀጭኑ ጫፍ 1 ጊጋ ፓስካል ያሳርፋል። እናንተ ፊት ወረቀት ላይ ይህን ስሌት ስጽፍ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። 12.7 ሚሊ ሜትር ከሸሚዝ ቁልፍ እምብዛም አይበልጥም። በዚያች ቁልፍ ላይ ያረፈው ኃይል 13 ቶን ገደማ፣ በእናንተ አገር መስፈሪያ 130 ኩንታል ቡና ነው።

ይህን የሚሸከም ምን አለ? ተራ ብረት ይጎብጣል። ፒስተኑም ሆነ ፒስተኑ የሚገባበት ሲሊንደር ከተንግስተን ካርባይድ ይሠራሉ። ካርባይድ ሲጫኑት እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሲለጥጡት ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ከውስጥ የሚገፋው ግፊት ደግሞ ሲሊንደሩን ሊለጥጠው ነው የሚፈልገው። መፍትሔው ሲሊንደሩን ገና ሥራ ሳይጀምር ከውጭ ማጨቅ ነው፤ ጠባብ የአረብ ብረት ቀለበቶች በግድ ይጠልቁበታል፣ ቀለበቶቹም ካርባይዱን ዘወትር ወደ ውስጥ ይጨምቁታል። ገበሬ ማረሻውን በወገል ጠፍሮ እንደሚያጠብቀው ነው። የውስጡ ግፊት በመጀመሪያ ይህን ጭመቃ ማሸነፍ አለበት፤ እስኪያሸንፈው ድረስ ካርባይዱ መለጠጥን አያውቃትም።

በሲሊንደሩ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ነገር ደግሞ የሽንኩርት ንብብር ይመስላል። ከውጭ ለስላሳ ጠጣር፣ ለምሳሌ የተጨመቀ ጨው ወይም ታልክ አለ፤ ሥራው የፒስተኑን አንድ አቅጣጫ ግፊት ከየአቅጣጫው እኩል አድርጎ ማዳረስ ነው። ቀጥሎ ሙቀት የሚከላከል የብርጭቆ ቱቦ፤ ከዚያ የግራፋይት ቱቦ። እቶኑ ይህ ግራፋይት ነው፤ ዝቅተኛ ቮልቴጅና ብዙ አምፔር ይልኩበታል፣ ይግላል። የሚወስደው ኃይል ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ዋት አይበልጥም። የእንጀራ ምጣዳችን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ስለዚህ «ለዚህ የሚሆን ኃይል የለንም» የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ ከማንም አፍ እንዳልሰማው። ችግሩ የኃይሉ ብዛት አይደለም፤ ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው። እሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ።

በእቶኑ መሐል የማግኒዚየም ኦክሳይድ ዘንጎች መካከል ትንሽ የብረት ካፕሱል ትቀመጣለች። ናሙናው በውስጧ ነው፤ ክብደቱ 20 ሚሊግራም ቢሆን ነው፣ ስድሳ ሰባ የጤፍ ፍሬ እንደማለት። ከካፕሱሏ አጠገብ፣ በሚሊ ሜትር ርቀት፣ የቴርሞካፕሉ ጫፍ አለ። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ አንዱ ፕላቲነም፣ ሌላው ሮዲየም የተቀላቀለበት ፕላቲነም። ሁለቱ ሲጋጠሙ በሙቀት ልክ የምትለዋወጥ ጥቂት ሚሊቮልት ያመነጫሉ፤ እኛ የምናነበው እሷን ነው።

ሙከራው ይጀምራል፤ መጀመሪያ ግፊቱ፣ ከዚያ ሙቀቱ ወደ ቦታው ይደርሳል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ለባዛልት ጥቂት ሰዓታት ወይም አንድ ሁለት ቀን፣ ለራዮላይት ሳምንታት ሊሆን ይችላል። ማዕድናቱና ቅልጡ ሲስማሙ ኃይሉን ድንገት እንቆርጠዋለን። ሲሊንደሩ ዙሪያውን በውሃ ስለሚቀዘቅዝ ናሙናው ከ1,200 ዲግሪ በሴኮንዶች ውስጥ ይወርዳል። ፈሳሽ የነበረው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አጥቶ ብርጭቆ ይሆናል፣ ክሪስታል የነበረው እንደነበረ ይቀራል። ጥልቁ ቦታ የነበረውን ሁኔታ እንዲያ አድርገን ይዘነው እንወጣለን። ከዚያ ካፕሱሏ ለሁለት ትቆረጣለች፣ ትለሰልሳለች፣ በኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ ሥር ትገባለች፤ የየማዕድኑ ኬሚስትሪ በማይክሮ ሜትር ስፋት ይለካል።

በዚህ መንገድ ሙቀትና ግፊቱን እየቀያየርን አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ እንደግማለን። ወደ ማንትል ቅንብር የቀረበ ባዛልት ከሆነ፣ በአንድ የተወሰነ ግፊትና ሙቀት ላይ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን በአንድ ጊዜ ከቅልጡ መውጣት ይጀምራሉ። ያ ነጥብ ቅልጡ ከማንትሉ የተለየበትን ቦታ ይጠቁማል። «ይጠቁማል» ያልኩት አስቤበት ነው። ባዛልቱ በመንገድ ላይ ኦሊቪን ጥሎ ከመጣ ነጥቡ ያሳስተናል፤ ከሶር ገደል የተወሰደ የትኛውም ድንጋይ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ማግኒዚየም የበዛበትን መርጦ ማውጣት የጂኦሎጂስቱ እንጂ የመሣሪያው ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር፤ ለተማሪዎች ከማንኛውም ስሌት ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በውጭ አገር ስማር ከአገራችን ይዤው የሄድኩትን የባዛልት ዱቄት በፕላቲነም ካፕሱል አሽጌ አሥራ አንድ ሙከራ ሠራሁ። በየሌሊቱ እየተነሣሁ ሙቀቱን አያለሁ። ቁጥሮቹ የሚያምሩ ነበሩ፤ በግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ሥዕልም ያምር ነበር። ማይክሮፕሮቡ ላይ ስቀመጥ ግን በብርጭቆው ውስጥ ያለው ብረት ከመነሻው ዱቄት በሲሶ ያህል አንሶ አገኘሁት። ኦሊቪኑ ከሚገባው በላይ ማግኒዚየም በዝቶበታል። ብረቱ የት ሄደ? ፕላቲነሙ በላው። ፕላቲነም ብረትን ይወዳል፤ በከፍተኛ ሙቀት ከቅልጡ መጥጦ ከራሱ ጋር ያዋህደዋል። በመጻሕፍት ተጽፎ ነበር፤ አንብቤውም ነበር። እኔ ግን አጭር ሙከራ ስለሆነ አይደርስም ብዬ ገመትኩ። ከአሥራ አንዱ አንዱም አልተረፈም። አሳዛኙ ነገር ዱቄቱም አልቆ ነበር፤ የተወሰደበት ቦታ ደግሞ እኔ ካለሁበት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ለደረቅ ባዛልት ናሙናውን በግራፋይት ጽዋ አድርጎ ጽዋውን በፕላቲነም መጠቅለል። ግራፋይቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በዙሪያው ያለውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ የብረቱን ጠባይ ይለውጣል። ውሃ ላለበት ናሙና ግራፋይት አይሆንም፤ ወርቅና ፓላዲየም የተቀላቀለበት ካፕሱል ይመረጣል፣ ያም ቀድሞ ብረት እንዲጠግብ ቢደረግ ይሻላል። ንጹሕ ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለራዮላይት እንጂ ለባዛልት አይመጥንም። ስለ ፕላቲነም ስናወራ ደግሞ ጎረቤታችሁን ወለጋን አንርሳ። ዩብዶ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲነም ሲወጣ ኖሯል። ያ ብረት የተገኘው ማግኒዚየም ከበዛበት፣ ከጥልቅ ማግማ ከተወለደ ዐለት ነው። በቴርሞካፕላችን ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ የምናጠናው ነገር ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ኦክስጅንን ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ አንድ ሌላ መሣሪያ ልናገር፤ በእኔ ፍርድ ለእኛ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ የቱቦ እቶን ነው። ግፊት የለውም፤ የሚሠራው በተራ የአየር ግፊት ሲሆን እስከ 1,500 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል፣ በውስጡም ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተለካ መጠን ተቀላቅለው ያልፋሉ። የሁለቱ ምጣኔ ቅልጡ ስንት ኦክስጅን እንደሚያገኝ ይወስናል። ይህ ለኢትዮጵያ እንግዳ ዕውቀት አይደለም። ብረት አቅላጮቻችን ወናፋቸውን ሲነፉ ያደርጉት የነበረው ይኸው ነው፤ ነፋሱ ሲበዛ ከሰሉ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ብረቱም ከአፈሩ አይለይም፤ ነፋሱ ሲመጠን ግን የከሰሉ ጋዝ ከማዕድኑ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፣ ብረት ይወጣል። ምጣኔውን የሚያነቡት በነበልባሉ ቀለምና በድምፁ ነበር። እኛ ንቀናቸው ስንኖር እነሱ የኦክስጅንን ልክ በጆሮ ይለኩ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፤ ያ ጋዝ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ጋዙን የሚያሽት ማንቂያና የአየር ማስወጫ ሳይተከል እቶኑ መለኮስ የለበትም።

ሌሎቹን መሣሪያዎች በፍጥነት ልለፋቸው። ለቅርፊቱ ላይኛ ክፍል፣ ለ200 ሜጋ ፓስካል አካባቢ፣ ተትል እ.ኤ.አ. በ1949 ያስተዋወቀው ከአንድ ጫፉ የሚታሸግ የቅይጥ ብረት ቱቦ አለ፤ ማሸጊያው ከእቶኑ ውጭ ቀዝቅዞ ስለሚቀር ርካሽና የማይሰለች ዕቃ ነው። በአርጎን ጋዝ የሚሠራ፣ እቶኑ በውስጡ ያለ ትልቅ ዕቃም አለ፤ ውጤቱ ያማረ ነው፣ አደጋው ግን ከባድ ነው። ጠጣር ሲጨመቅ የሚያጠራቅመው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ጋዝ ሲጨመቅ የሚያጠራቅመው ግን ቢያመልጥ ግድግዳ ያፈርሳል። ከዚያ በላይ ስምንት ኪዩቦች ናሙናውን ከየአቅጣጫው የሚጨምቁበት መሣሪያ እስከ 25 ጊጋ ፓስካል ያደርሳል፤ ሁለት አልማዝ ፊት ለፊት የሚጋፉበት ደግሞ ከ100 ጊጋ ፓስካል በላይ። እነዚህ የጥልቅ ማንትል ጥያቄ ላለው ናቸው። የሶር ባዛልት ያን ያህል አይጠይቅም፤ ቀድሞ ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር 1 ጊጋ ፓስካል ነው፣ ጥያቄያችን በዚያና ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለው ላይ ያርፋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የአገራችን ዐለት በሣጥን ተጭኖ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ውጤቱ በመጽሔት ታትሞ ይመለሳል። በዚህ ቅር አልሰኝም፤ ሳይንስ የጋራ ነው፣ እኔም ራሴ በዚያ መንገድ ነው የተማርኩት። ቅር የሚያሰኘኝ ጥያቄውም አብሮ መሄዱ ነው። ናሙናውን ያነሣው ልጅ የትኛው ድንጋይ ለምን እንደተመረጠ፣ ለምን በ1 ሳይሆን በ1.5 ጊጋ ፓስካል እንደተሞከረ አይጠየቅም። እንዲህ ሆኖ ሲቀር መሣሪያ ቢገዛለትም ምን እንደሚሠራበት አያውቅም። ሳይከፈት በሣጥኑ የተቀመጠ ውድ መሣሪያ ያላየ መምህር በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። (ሣቅ።) እንዳሰብኩት ነው።

ስለዚህ ፒስተን ሲሊንደር ግዙ ብዬ አልመጣሁም። የምለው ሌላ ነው። በመጀመሪያ የድንጋይ መጋዝ፣ ማለስለሻና ጥሩ ማይክሮስኮፕ፤ ቀጥሎ የቱቦ እቶን፣ ከነቴርሞካፕሉ፤ ከዚያ፣ ምናልባትም ከዚህ ሁሉ በፊት፣ አንድ ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ። እኔ የሠራሁባቸው ላቦራቶሪዎች ሁሉ የሚቆሙት በፕሮፌሰሩ አልነበረም፤ ከምድር ቤት ዘይት በነካ ቱታ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፣ እሱ ዕረፍት ሲወጣ እኛም እንወጣ ነበር። ለያንዳንዱ ሙከራ የግራፋይቱን ቱቦ፣ የጨዉን ቀለበት፣ የዘንጉን ቀዳዳ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚያርም እጅ ያስፈልጋል። እነዚህ ክፍሎች አንድ ጊዜ አገልግለው ይጣላሉ። ከውጭ እያዘዙ መሥራት አይቻልም።

መብራትን በተመለከተ፤ 48 ሰዓት የሚፈጅ ሙከራ በ46ኛው ሰዓት ላይ ለአንድ ደቂቃ ቢቋረጥ ናሙናው ቀዝቅዞ ብርጭቆ ይሆናል፣ ሙከራውም ያበቃል። አንድ ኪሎ ዋት ለሚወስድ እቶን ባትሪና መለወጫ ማዘጋጀት ግን ከባድ አይደለም። የማቀዝቀዣውን ውሃ በጣሪያ ላይ በርሜል ማስቀመጥም እንዲሁ። ይህ በኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ የሚፈታ ነው።

ከጥያቄ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ስለ ናሙና። ኢሉባቦር ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው። ያ ዝናብ ባዛልቱን በልቶ ቡናው የቆመበትን ቀይ አፈር ሠርቶታል። ለገበሬው በረከት፣ ለእኛ ፈተና ነው። በመንገድ ዳር የምታዩት ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከውስጡ በስብሷል፤ ኦሊቪኑ ቀይ ዝገት ሆኗል፣ ከሰማይ የመጣ ውሃ በውስጡ ገብቷል። እንዲህ ያለውን በካፕሱል አሽገን ብንጨምቀው ማግማው ውሃ ነበረው ብለን እንደመድማለን፤ የለካነው ግን የክረምቱን ዝናብ ነው። ትኩስ ዐለት የሚገኘው ወንዝ በሚያጥበው ገደል፣ በፏፏቴ ሥርና በድንጋይ ካባ ጥልቅ ግድግዳ ላይ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።

(ከተማሪ የቀረበ ጥያቄ፦ የማግማን ሁኔታ የሚያሰሉ ነጻ የኮምፒውተር ሞዴሎች እያሉ ሙከራው ለምን ያስፈልጋል?)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሜልትስ የሚባለውን ፕሮግራም ማለትህ ይመስለኛል። ተጠቀምበት፤ ዛሬ ማታ ላፕቶፕህ ላይ ጫነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ፕሮግራሙ የተሠራው ሌሎች ሰዎች በሠሯቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ሙከራዎች ላይ ነው። ሙከራ በበዛበት ቅንብር ጎበዝ ነው፤ ባነሰበት ደግሞ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል። በስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎቻችን የሚገኘው ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛበት ራዮላይት ሙከራ ካነሰባቸው ቅንብሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ሁሉም የሚጠይቀው ማግማው በምን ያህል ጥልቀት ላይ ነው የሚል ነበር። በሳተላይትና በመንቀጥቀጥ መለኪያ የሚገኘው መልስ አለ፤ ቀድሞ ከፈነዳው ዐለት የሚነበበው መልስ ግን በካፕሱል ውስጥ ካልተፈተነ ግምት ሆኖ ይቆያል።

(ከከተማው የመጡ አዛውንት በአፋን ኦሮሞ ያቀረቡት፣ በመድረክ መሪው የተተረጎመ ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ለቡና ገበሬ ምን ይሠራለታል?)

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እውነቱን ልንገርዎ። ለዘንድሮው ምርት ምንም አይሠራም። ይሠራል ብዬ ብነግርዎ ዋሸሁ። አፈርዎ ግን ከዚህ ዐለት የተወለደ ነው፤ በአንዱ ማሳ ፎስፈረስና ፖታሲየም ለምን እንደበዛ፣ በሌላው ለምን እንዳነሰ ስንጠይቅ፣ የላቫው ዓይነት ከመልሱ አንዱ ክፍል ይሆናል። የላቫውን ዓይነት የወሰነው ደግሞ የቀለጠበት ጥልቀትና የቀለጠው መጠን ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ እርስዎ የጠየቁት ማሳውን ነው፣ እኔ ያለሁት 40 ኪሎ ሜትር ሥር ነው። መሐሉን የሚያገናኙት እነዚህ ከፊትዎ የተቀመጡት ልጆች ናቸው፣ የአፈር ተማሪውና የዐለት ተማሪው አብረው ከተቀመጡ።

ሰዓታችን አልቋል ይሉኛል። ነገ ጠዋት ወደ ሶር ለመሄድ የተመዘገባችሁ በአንድ ሰዓት በበሩ ላይ ተገኙ። ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ ቁልቁለቱ ያዳልጣል፣ ጫካውም እርጥብ ነው። መዶሻ ያላችሁ አምጡ፤ የሌላችሁ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይብቃችሁ። የመጀመሪያውን ናሙና ማን እንደሚመርጥ እኔ አልወስንም።